ኢንች ወይስ ነጥብ? ለዲዛይንና ለፕሮግራም ሥራ በአቅም የሚገዛ ሞኒተር አመራረጥ

ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ ክፍት በነበረ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ያንሳል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር የኮምፒውተር ሳይንስም ሆነ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች ቢሮዬ እየመጡ «በዚህች ብር የቱን ሞኒተር ልግዛ?» ብለው ይጠይቁኛል። ብሯ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው አይደለችም። እናት ዕቁብ ሲደርሳት የሰጠችው፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድም ከደመወዙ ቆርሶ የላከው ገንዘብ ነው። ያንን ይዞ ገበያ የወጣ ወጣት አንድ ቀን በችኮላ የመረጠውን ዕቃ አራትና አምስት ዓመት፣ በቀን ስምንት ሰዓት እያየው ይውላል። ኮምፒውተሩ በመካከል ሊለወጥ ይችላል፤ ሞኒተሩ ግን ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ይቀብራል።

የቆምንበት አካባቢ የገበያ አገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ ኋላ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሲወልድ፣ እዚህ ደግሞ ፒያሳ የሚለው ስም ቀረ። «አራዳ» የሚለው ቃል ራሱ የሰው ጠባይ መግለጫ እስከ መሆን የደረሰው፣ በገበያ መካከል ያደገ ሰው በቀላሉ አይታለልም ተብሎ ስለሚታመን ይመስለኛል። የፒያሳ ወርቅ ቤቶችን ልብ በሉ። ወርቅ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ግራም ነው? ስንት ካራት ነው? ግራሙን ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ቢገኝ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክረዋል። ሞኒተር ስንገዛ ግን የተማርነውም ያልተማርነውም «ስንት ኢንች ነው?» ብለን ጠይቀን፣ ዋጋ ተከራክረን እንወጣለን። ኢንች ግራሙ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ካራቱ ነው።

ይህ ዕውቀት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል። ስለ ከተማ ፕላን ለመከራከር አልመጣሁም፤ ያ ሌላ መድረክ ይፈልጋል። ነገር ግን ከቤቶቹ ጋር አንድ የማይታይ ነገርም ተበትኗል፤ ደንበኝነት። አባትህ ሬዲዮ የገዛበት፣ አንተም ካልኩሌተር የገዛህበት ባለሱቅ ዕቃውን ሲሸጥልህ ዓይንህን እያየ ነው፤ ነገም እንደምትመጣ ያውቃል። ዛሬ ገዥው በማያውቀው ሕንፃ፣ በማያውቀው ፎቅ፣ ከማያውቀው ሻጭ ፊት ይቆማል። በሻጩ ቃል መተማመን ሲያዳግት መስፈሪያውን ራስ መያዝ ግድ ነው።

አሁን ወደ መስፈሪያው እንግባ። ኢንች የሚነግረን ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርዝመት ነው፤ ሌላ ምንም አይነግረንም። የሞኒተር ገጽ የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ፒክስል የምንላቸው ናቸው። በገበያችን እጅግ የተለመደው ባለ 1920 በ1080 ነጥብ ሞኒተር በ21.5 ኢንችም፣ በ24ም፣ በ27ም፣ አልፎ አልፎ በ32ም ይሸጣል። የነጥቦቹ ቁጥር በሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ገጹ በሰፋ ቁጥር የምናገኘው ተጨማሪ ነጥብ ሳይሆን ወፍራም ነጥብ ነው። በ21.5 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 102 ያህል ነጥቦች ይሰለፋሉ። 24 እያልን በምንጠራው፣ በልኩ ግን 23.8 በሆነው ላይ ወደ 92 ይወርዳሉ። በ27 ላይ 82፤ በ32 ላይ 70 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ትልቁና ውዱ ጽሑፍ በማሳየት ረገድ ከትንሹና ከርካሹ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር መጀመሪያ አያምኑኝም፤ በሁለቱ ላይ አንድ ገጽ ከፍተው ጎን ለጎን ሲያዩ ግን ክርክሩ ያበቃል።

ጤናማ ዓይን ነጥሎ ሊያይ የሚችለው ትንሹ ክፍተት የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል እንደሆነ ይወሰዳል። ከገጹ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ27 ኢንች ባለ 1080 ሞኒተር ላይ የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.31 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን ከሚችለው ወሰን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። በ24 ኢንች 0.27፣ በ21.5 ኢንች 0.25 ይሆናል። 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 ነጥብ ያለው 0.23 ላይ ይደርሳል፤ 3840 በ2160 ያለው፣ ፎር ኬ የሚባለው፣ 0.16 ገደማ ሆኖ ከወሰኑ በታች ያርፋል። ከዚያ በታች ዓይን ነጥቡን ትቶ ፊደሉን ብቻ ያያል።

እስካሁን የተናገርኩት በየትኛውም አገር ለሚገኝ ገዥ እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ጉዳይ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የግዥ ምክሮችም ስለማይነግሩን ነው ረዘም አድርጌ የማነሣው።

ፊደላችንን እናስብ። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው በራሱ ላይ የተጨመረ ጭረት ነው። «በ»ን ከ«ብ»፣ «አ»ን ከ«እ» የሚለየው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ቅጥያ ነው። በ12 ፖይንት የተጻፈ ጽሑፍ በተለመደው የዊንዶውስ ቅንብር የሚመደብለት ቁመት 16 ነጥብ ነው፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት ሲቀነስ ለፊደሉ አካል 11 ወይም 12 ያህል ይተርፈዋል። በዚህች ጠባብ ቦታ «ሸ» ጭረቱን፣ ከጭረቱ በታች ያለውን ባዶ ቦታ፣ ከዚያም የ«ሰ»ን አካል ከነእግሮቹ ማስገባት አለበት። «ሿ» እና «ኟ» ሲመጡ ደግሞ ከላይም ከታችም ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። ነጥቦቹ ሲያንሱ ባዶው ቦታ ይደፈናል፤ ጭረቱ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል።

ውጤቱ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ቤቱን ሰጠ» እና «ቤቱን ሸጠ» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች የሚለያቸው አንድ ጭረት ነው። «ደመረ» እና «ጀመረ»፣ «በላ» እና «ብላ» እንዲሁ። ተራ አንባቢ ከዐውዱ ተነሥቶ ያቃናዋል፤ ዓይኑ ሳይሆን አእምሮው ነው የሚያነበው። ውል የሚተይብ ሰው፣ መጽሐፍ የሚያርም አራሚ፣ የመጽሐፍ ሽፋን የሚሠራ ዲዛይነር ግን በዐውድ ማንበብ አይችሉም፤ እያንዳንዱን ፊደል ማየት ግዴታቸው ነው። ከዚህ ብዙም በማይርቀው፣ በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በእርሳስ ፊደል ይሠሩ የነበሩ ለቃሚዎች ከ200 የሚበልጡ ቅርጾችን ከየሣጥናቸው እየለዩ፣ ያውም ግልብጥ ሆነው እያነበቧቸው ይደረድሩ ነበር። አድካሚ ሥራ ነው። ነገር ግን የእርሳሱ ፊደል የቱንም ያህል ቢያንስ ጠርዙ ስል ነበር። ስክሪን ፊደልን በአራት ማዕዘን ነጥቦች ይቆራርጠዋል፤ ለቃሚው ያልነበረበት ችግር ይህ ነው።

«ጥፋቱ የፎንቱ እንጂ የሞኒተሩ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች ሻካራ ስክሪን በነበራቸው ዘመን ችግሩን በፎንት አቃለውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ያወጣው፣ ማቲው ካርተር የነደፈው ቨርዳና ለዚሁ የተሠራ ነው። ፊደሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ሲያርፍ የትኛው ነጥብ እንዲበራ፣ የትኛው እንዲጠፋ ለእያንዳንዱ ፊደልና ለእያንዳንዱ መጠን በእጅ መመሪያ ተጽፎለታል። ለ52 ትልልቅና ትንንሽ ሆሄያት ይህን ማድረግ ብዙ ድካም ነው፤ ከ300 በላይ ቅርጽ ላለው የግእዝ ፊደል ደግሞ ምን ያህል እንደሚሆን ገምቱ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩ ግን የፊደሉን ማንነት እንጂ በስክሪን ላይ የሚኖረውን መልክ አይወስንም። ዛሬ ያሉን ፎንቶች ጥሩዎች ናቸው፤ በወረቀት ላይ ያምራሉ። በጥቂት ነጥቦች ላይ እንዲያምሩ የሚያደርገው የእጅ ሥራ ግን በላቲን የተሠራውን ያህል አልተሠራም። እንግዲህ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው በነጥብ ጥግግት ላይ ቢቆጥብ ፎንቱ ያግዘዋል። እኛን የሚያግዘን የለም፤ የጎደለውን በነጥብ መሙላት አለብን። ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ ቆጥቡ፤ እዚህ ላይ ግን አትቆጥቡ የምለው ለዚህ ነው።

ወጣቶቻችን ጥርት ያለ ፊደል ምን እንደሚመስል አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ ያውቁታል። በእጃቸው የያዙት ስልክ በአንድ ኢንች 300ና 400 ነጥብ ያሳያል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው በስልክ ያነበቡት አማርኛ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ግን ያው ፊደል ደብዝዞ ይጠብቃቸዋል። ለማንበብ ጥሩ መሣሪያ፣ ለመሥራት ደካማ መሣሪያ ይዘን እንዴት እንዘልቃለን?

ኮድ ጸሐፊዎች «እኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ አይመለከተንም» ትሉ ይሆናል። ይመለከታችኋል። የባንክ መተግበሪያ፣ የጤና መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ሥርዓት ስትሠሩ ተጠቃሚው የሚያየው መልእክት በአማርኛ፣ በትግርኛ ነው፤ መልእክቱም በኮዱ መካከል ተጽፎ ይቀመጣል። «ሰጠ» መሆን ሲገባው «ሸጠ» ቢሆን ኮምፓይለሩ አይነግራችሁም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሥርዓተ ነጥብ ነው። የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» እና የላቲኑ «:» በዩኒኮድ ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ ሻካራ ስክሪን ላይ ግን መንትያ ይመስላሉ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳያጠፋ በፓይተን አንድ መስመር የዘጋ ተማሪ ስሕተቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስሕተቱ ግን ዓይኑ ሥር ነው። ዐይኑ «ዐ» እና ዜሮውም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ላይ ለኮድ የሚመረጡት ፎንቶች አብዛኞቹ የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ የተዋሰው ፊደል ከጎኑ ካለው ላቲን ጋር በመጠኑም በውፍረቱም አይገጥምም። ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ስክሪኑ ጥራት ሊኖረው ይገባል።

ለኮድ ከጥግግት ቀጥሎ የሚጠቅመው ቁመት ነው። 1920 በ1200 ነጥብ ያለው ሞኒተር ከ1080ው በ120 ነጥብ ይረዝማል። አንድ የኮድ መስመር 20 ነጥብ ከወሰደ ስድስት መስመር ተጨማሪ ታያላችሁ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚያንከባልል ሰው ግን ትልቅ ዕረፍት ነው። መቆሚያው ዞሮ ገጹን ቁም የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ስለ ፓነል ዓይነት ባጭሩ ልናገር። በገበያው ሦስት ዓይነት አለ፦ ቲኤን፣ ቪኤ እና አይፒኤስ። ቲኤን ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል፤ ለዲዛይን አይሆንም። ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ለፊልም ያምራል፤ ከጎን ሲታይ ግን ጠቆር ያሉት ቀለሞች ይለወጣሉ፤ ጽሑፍ ሲንከባለልም ጭራ የሚያስከትሉ አሉ። አይፒኤስ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ቀለሙ በአመዛኙ ይጸናል። ለእናንተ ሥራ አይፒኤስ ብቻ ነው የምመክረው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የተጠማዘዘ ገጽ፣ በሴኮንድ 144 ጊዜ የሚታደስ ምስል፣ ከጀርባ የሚያበራ ባለ ቀለም መብራት የጨዋታ ዕቃ ናቸው፤ ዋጋቸውን የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ ተዉዋቸው። ለጽሑፍና ለዲዛይን 60 ኸርዝ ይበቃል።

ዲዛይነሮችን የሚመለከተው ቀለም ነው። ድረ ገጽና ስልክ የሚግባቡበት የቀለም ክልል ኤስአርጂቢ ይባላል፤ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ነው። የሞኒተሩ መግለጫ «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ካለ ይህን ክልል በስፋት ረገድ ያህለዋል ማለት ነው፤ «45 በመቶ» ካለ ግን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለው ስክሪን ላይ ቀይ ወደ ብርቱካን ይጠጋል፤ አረንጓዴውም ይገረጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይን ዕለት ዕለት ለሚሠራ የአገራችን ዲዛይነር ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ሲጠቀምበት የኖረው ስክሪን የሚያሳየውን ገርጣ ቀይ ለማድመቅ ይጨምርበታል፤ ያ ፋይል ጥሩ ስክሪን ላይ ሲከፈት ይጮኻል።

ከቀለሙ የሚበልጥ ቅሬታ የምሰማው ግን በሕትመት ላይ ነው፤ «ማተሚያ ቤቱ ሥራዬን አጨለመብኝ» የሚል። የሠርግ መጥሪያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የማስታወቂያ ወረቀት ሲታተም ከስክሪኑ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል፤ ዲዛይነሩ አታሚውን ይከሳል፤ አታሚው «ፋይልህ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ብርሃናቸው በጣም ከፍ ተደርጎ ነው፤ አንዳንዶቹም በአንድ ካሬ ሜትር 250 ካንዴላና ከዚያ በላይ። ወረቀት በራሱ አያበራም። ከወረቀት ጋር ለማነጻጸር ብርሃኑ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ባለው መካከል መሆን አለበት። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዝ፤ ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈት፤ ሁለቱ እኩል ነጭ እስኪመስሉት ድረስ ብርሃኑን ይቀንስ። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው፤ ዓይንንም ያሳርፋል። ይህን ሳያደርግ ስለ ቀለም ጥራት የሚከራከር ዲዛይነር ገና ከመጀመሪያው ደረጃ አልወጣም።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። ዋጋ አልጠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ብርን አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ከ100 በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተጓዘ። ዛሬ የምጠራው ቁጥር ይህ ጽሑፍ ድረ ገጹ ላይ እስኪወጣ ያረጃል። ደረጃውን ግን መናገር እችላለሁ። ኪስ ሲጠብ ያገለገለ 21.5 ወይም 22 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ አይፒኤስ። ትንሽ ሲላላ 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1200 የሆነ የቢሮ ሞኒተር። ከዚያ በላይ አቅም ላለው 27 ኢንች፣ 2560 በ1440። ፎንት የሚነድፍ ወይም መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ካለ ደግሞ ፎር ኬ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ መሸከም መቻሉን፣ አሮጌዎቹ የሕትመት ፕሮግራሞቹም ገጹ ሲጎላ እንደማይደበዝዙበት አስቀድሞ ይሞክር። ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ሞሃቬ ጀምሮ ጥግግቱ ባነሰ ስክሪን ላይ ፊደልን ያለሰልስ የነበረውን ዘዴ ስላስቀረ፣ ያው ሞኒተር ከዊንዶውስ ይልቅ በማክ ላይ ሻካራ ሆኖ ይታያቸዋል።

ያገለገለ ዕቃ የሚያሳፍር አይደለም። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው ወደ ገበያችን ከሚገቡት መካከል አዲስ ከሚሸጠው ርካሽ ዕቃ የሚበልጡ አሉ። ለምሳሌ የዴል አልትራሻርፕ ዩ2412ኤም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አይፒኤስ ነው፤ 24 ኢንች፣ 1920 በ1200፣ መቆሚያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይዞራል። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ግን የለውም፤ ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ዲስፕሌይፖርት ነው ያለው። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ሰው ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚቀይር ገመድ አብሮ ይግዛ። ከዚህ የቆዩትና የጀርባ ብርሃናቸው በፍሎረሰንት ቱቦ የሆነው ሲያረጁ ይቢጫሉ፤ መብራትም ይበላሉ፤ በእነዚያ ላይ ብር አታጥፉ።

ሱቅ ስትገቡ አንድ ፍላሽ ያዙ። በውስጡ አንድ ገጽ ይኑር፦ «ሰጠ ሸጠ፣ ደመረ ጀመረ፣ በላ ብላ» በ9፣ በ10ና በ12 ፖይንት፤ አንድ ሙሉ ነጭ፣ አንድ ሙሉ ጥቁር፣ አንድ ሙሉ ግራጫ፤ ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ በቀስ የሚሄድ ቀለም፤ ሰንደቅ ዓላማችን። ሻጩ ያቀረበላችሁን የአበባና የፏፏቴ ምስል አትዩ፤ ማንኛውም ስክሪን አበባ ያሳምራል። በቅድሚያ ኮምፒውተሩ በሞኒተሩ የተፈጥሮ ልክ መዘጋጀቱን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ በአሮጌ ቪጂኤ ገመድ፣ ባነሰ ልክ ተሰክቶ ይጠብቃችኋል፤ ያኔ ጥሩው ሞኒተርም ይደበዝዛል፤ ፍርዱም የተዛባ ይሆናል። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ቁጭ በሉ። ቆሞ ሞኒተር የሚመርጥ ሰው ቆሞ ጫማ እንደሚለካ ሰው አይደለም፤ ሥራው ቁጭ ብሎ ነውና። «ሸ»ን ሳትጠጉ ከለያችሁት ቀጥሉ። ካልለያችሁት ኢንቹ ምንም ያህል ቢሰፋ አመስግናችሁ ውጡ። በጥቁሩ ገጽ ላይ የሚያበሩ፣ በነጩ ላይ የጨለሙ ነጥቦችን ፈልጉ፤ በግራጫው ላይ የጽሑፍ ጥላ ወይም ቢጫ ጥግ ካለ ይታያል። ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥርና የተመረተበትን ዓመት በስልካችሁ አንሡ፤ ፓነሉ ምን እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ከኢንተርኔት አረጋግጡ።

ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ታገኛላችሁ። ተከራከሩ። ዋጋ ከማስቀነስ ይልቅ የሦስት ቀን መሞከሪያ በደረሰኙ ላይ ማጻፍ ይሻላል፤ ዕቃውን የሚያምን ሻጭ አይከለክልም።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ገዥ ድርሻ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ግዥ የሚያጸድቁ ባልደረቦችም ስላሉ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም አንድ የጨረታ ሰነድ አይቼ ነበር። ለፕሮሰሰሩ አንድ ገጽ፣ ለዲስኩ ግማሽ ገጽ ዝርዝር ተጽፎለታል። ለሞኒተሩ የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «27 ኢንች»። አሸናፊው በሕጉ መሠረት በዝቅተኛው ዋጋ የቀረበውን 27 ኢንች አቀረበ፤ ማንም ጥፋተኛ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራውም በአንድ ኢንች 82 ነጥብ በሚያሳዩ ስክሪኖች ተሞላ። በዚያ ክፍል ውስጥ የአማርኛ ፊደል ንድፍ ይማራሉ። «አይፒኤስ፤ በአንድ ኢንች ከ100 ነጥብ ያላነሰ፤ 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ፤ ቁመቱ የሚስተካከል መቆሚያ» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ በዚያው በጀት 21.5 ኢንች ባገኙ ነበር። ያች አንድ መስመር በየጨረታው ሰነድ ውስጥ እንድትገባ እዚህ ያላችሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ብዕር ብቻ ነው የምትጠይቀው።

ስለ መብራት ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር 20ና 25 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ ትንሽ ዩፒኤስም ይሸከመዋል። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ሰኩት፤ የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ግፊት ነው።

የመሞከሪያውን ገጽ በፍላሽ ይዤዋለሁ፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ የሚፈልግ ሁሉ መቅዳት ይችላል።